ለጀሃነሚያው ሲባል

በካርቱም የአንድን ቤት ኑሮ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሳሎን ውስጥ ብዙ መቆየት አያስፈልገውም ነበር። ሳሎን ለእንግዳ የተሰናዳ ነው፤ ምንጣፉም ወንበሩም በብርጭቆ የሚቀርበው ከርከዴም ታስቦበት የተዘጋጀ ነው። ቤቱ በምን እንደሚኖር የሚናገረው የግቢው የኋላ ማዕዘን ነበር። የውኃ መሳቢያው ሞተር እዚያ ነው። በብረት እግር ላይ የቆመው ታንከር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያጓራው ጄኔሬተር፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ እግሩ የተሰበረው አልጋ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባሉ። ባለቤቱ ሀብታም ከሆነ ደግሞ የመዋኛ ገንዳው ሞተርና ማጣሪያ ይጨመሩበታል። ከእነዚህ ሁሉ አጠገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአጥሩ ግንብ ጋር ተጣብቃ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ትቆማለች። የገፊሩ፣ ማለትም የግቢው ጠባቂ፣ ማደሪያ ናት። በጀሪፍና በአካባቢው ከነበሩት ገፊሮች ጥቂት የማይባሉት አበሾች ነበሩ።

ያንን ማዕዘን በዕፅዋት መሸፈን በጊዜው የታወቀ የግቢ ሥራ ነበር። ለዓይን የማያምረውን ነገር በሚያምር ነገር መጋረድ ቀላል ይመስላል፤ ችግኝ ይገዛል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ያድጋል። ሥራውን በእጁ የሠራ ሰው ግን ምኑ መሸፈን እንዳለበት፣ ምኑ መሸፈን እንደሌለበት ለመለየት ዓመታት ይፈጅበታል።

ጀሪፍ የወንዝ ልጅ ናት። በሱዳን ዓረብኛ «ጀርፍ» የሚባለው የክረምቱ ሙላት ሲሸሽ በወንዙ ዳር የሚቀረው እርጥብ የደለል መሬት ነው፤ የሰፈሩም ስም ከዚሁ ቃል ጋር ይዛመዳል። ጀሪፍ ምዕራብ በካርቱም በኩል፣ ጀሪፍ ምሥራቅ ከወንዙ ማዶ ሆነው በደለሉ አትክልት ሲያለሙበት፣ ጡብም ሲያቃጥሉበት ኖረዋል። ደለሉ ከየት እንደሚመጣ ለአማርኛ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። የጎጃም ማሳ በክረምት ታጥቦ ይወርዳል፤ ጀሪፍ ሲደርስ ይጠፈጠፋል፣ በምድጃ ይቃጠላል፣ የሰው ቤት ግድግዳ ይሆናል። የዚያን ቤት ግቢ የሚጠርገው ሰውም ብዙ ጊዜ የመጣው ከዚያው ከአፈሩ አገር ነበር።

መዋኛ ገንዳ ያላቸው ቪላዎች የበዙት በነዳጁ ዘመን ነው። ሱዳን ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ደቡብ ሱዳን በ2011 ተለይታ እስክትሄድ ድረስ ገንዘቡ በካርቱም በየአቅጣጫው በሲሚንቶና በመስታወት ሲገለጥ ቆየ። ከዚያ በፊት ገንዳ በአመዛኙ የሆቴልና የክበብ ነገር ነበር። አሁን ግን በመንሺያና በሪያድ፣ ከጀሪፍ ጋር በሚዋሰኑት አዳዲስ ቦታዎችም ጭምር፣ ከግንቡ በስተጀርባ ሰማያዊ ውኃ መታየት ጀመረ።

ሰማያዊው ውኃ ያለ ማሽን አንድ ሳምንት አይዘልቅም። ሞተሩ ውኃውን ከገንዳው ስቦ በአሸዋ ማጣሪያ ውስጥ ያሳልፈዋል፣ ክሎሪን ይጨመርበታል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ይህም በየቀኑ ለብዙ ሰዓታት ይደጋገማል። የካርቱም ፀሐይ ደግሞ የራሷን ድርሻ ትወስዳለች። በዚያ አገር ሜዳ ላይ የተንጣለለ ውኃ በዓመት ከ2 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ወደ ሰማይ ይተናል። 40 ካሬ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ገንዳ እንኳ በዓመት ከ80 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ለአየር ትገብራለች ማለት ነው። ከግንቡ ማዶ፣ አምስትና ስድስት የአበሻ ቤተሰብ በአንድ ሖሽ በሚኖርባቸው የጀሪፍ ኪራይ ቤቶች፣ ነሐሴ ላይ ወንዙ ደፍርሶ የቧንቧው ውኃ ሲቀጥን፣ በርሜል የጫነውን የአህያ ካሮ የሚጠብቁ ሴቶች ይሰለፉ ነበር። ሁለቱም ውኃ ከዚያው ከዓባይ የተቀዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ከእነዚያ ቪላዎች በአንዱ በገፊርነትና በአትክልተኝነት የተቀጠረ አንድ የቋራ ሰው ነበር። በመተማ በኩል ተሻግሮ መጀመሪያ ገዳሪፍ ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ፤ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቹ አጨዳው ሲያልቅ ከመመለስ ይልቅ የካርቱምን መንገድ ያዘ። ዓረብኛውን የተማረው በአንድ የችግኝ ጣቢያ ውኃ ሲያጠጣ ነው። ለዚህም ነው መጀመሪያ ያወቃቸው የዓረብኛ ቃላት ከሰላምታ ቀጥሎ የዛፍ ስሞች የሆኑት። ሚስቱ በዚያው ቪላ ወጥ ቤት ትሠራ ነበር፤ አንድ የጡት ልጅ ነበራቸው። ሦስቱም የሚያድሩት በማዕዘኗ ክፍል ውስጥ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ መስከረም ላይ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ «ሐጃ» እያሉ የሚጠሯት የቤቱ እመቤት ገንዳው ዳር ቆማ በእጇ ከግንብ እስከ ግንብ መስመር አሰመረች። ልጇ በታኅሣሥ ልትዳር ነው፤ ሠርጉ በግቢው ይሆናል፤ ያ ማዕዘን ለእንግዳ እንዳይታይ። ሞተሩ፣ ማጣሪያው፣ ጄኔሬተሩ። እጇ የሄደበት መስመር ግን የገፊሩን ክፍል መስኮትም ዘግቶ ያልፍ ነበር። ስለ መስኮቱ አልተናገረችም፤ ስላላየችው ነው።

ሦስት ወር ለአትክልት አጭር ጊዜ ነው። ቸኩሎ የሚተከል ዛፍ በካርቱም አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ደማስ ነው። ደማስ የሶማሊያና የጅቡቲ አካባቢ ተወላጅ ነው። ሙቀትና ጨዋማ አፈር አይበግሩትም፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ሲከረክሙት እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ከሁሉም በላይ በፍጥነት ያድጋል። ስለዚህም በዚያን ዘመን ያልተከለው የካርቱም ሰው ጥቂት ነበር። ሰውየው ግን አሳብ ገባውና በጀሪፍ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ኤሌክትሪሻን ዘንድ ሄደ። እኚህ ሰው በደርግ ዘመን የመጡ፣ የሰፈሩን የውኃ ሞተር ሁሉ በድምፁ የሚለዩ ናቸው ይባል ነበር።

«ጋሼ፣ በሦስት ወር የሚሸፍን ነገር ይንገሩኝ። ደማስ ልትከል እንዴ?»

«ትከል፤ ይሸፍንልሃል» አሉት። «በሦስት ዓመቱ ደግሞ ሥሩ ቧንቧውን ይሰብራል። ያን ጊዜ ለጥገናው የሚጠሩት እኔን ነው፤ የሚያባርሩት ግን አንተን ነው።»

እውነታቸውን ነው። የደማስ ሥር ውኃ ፍለጋ የማይሄድበት የለም። የተሰነጠቀ ቱቦ ካገኘ ይገባበታል፤ ያልተሰነጠቀውንም ይሰነጥቀዋል። ከካርቱም አልፎ በባሕረ ሰላጤው ከተሞችም በዚሁ ጠባዩ ብዙ ቅሬታ የተነሳበት ዛፍ ነው። ቱቦና ቧንቧ በተጠላለፈበት የገንዳ ማዕዘን እርሱን መትከል ጅብን የአህያ ጠባቂ ማድረግ ነው።

አረጋዊው ምክራቸውን በዚያ አላበቁም። «ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፣ ልጄ» አሉ። «ከጀርባው ማራገቢያ አለው፤ በዚያ አየር ይስባል። ቅጠል ካፈንክበት በዚህ ሙቀት ይቃጠላል። ከሁሉም ወገን አንድ ክንድ ተኩል ራቅለት። እኔ ከነመፍቻዬ የምገባበት በር ተውልኝ። ክሎሪኑንና አሲዱን ደግሞ አንድ ጥግ እንዳታስቀምጣቸው፤ ከተቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይበላል።»

እንግዲህ ተክሉን መምረጥ ቀረ። ሰውየው ያደገበት አገር አጥር በቅንጭብና በሰንሰል የሚታጠር ነው። ቅንጭብ ለካርቱም ሙቀት አይሰንፍም፤ ነገር ግን ሲቆረጥ የሚያፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ከገባ አደገኛ ነው፤ ልጆች በሚዋኙበት ቦታ አይታሰብም። በአዲስ አበባ ሆቴሎች ግቢ የሚከረከመው የፈረንጅ ጽድ የደጋ ሰው ነው፤ የካርቱም ግንቦት ሲመጣ ከጫፉ ጀምሮ ይነድዳል። ዲፍላ የሚባለው ባለ ሮዝ አበባ ቁጥቋጦ ድርቁንም ክሎሪኑንም ይችላል፣ ለገንዳ ዳር የተፈጠረ ይመስላል፤ ከቅጠሉ እስከ ግንዱ ግን መርዝ ነው። የራሱ ልጅ መዳህ ጀምሮ ስለነበር ሰውየው ዲፍላን በእጁ ሊነካው አልፈለገም። ኒም ጥላው ግሩም ነው፤ ነገር ግን በበጋው መጨረሻ ቅጠሉን ሁሉ ያራግፋል፤ የሚያራግፈውም ገንዳው ላይ ነው።

በችግኝ ጣቢያው መደዳ ውስጥ ሲዘዋወር ግን አንድ የሚያውቀው ፊት አገኘ። ክትክታ ነበር! ቅጠሉ ቀጭን፣ በሙጫ የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ፣ በሱዳን የአትክልት ቦታዎች ለአጥር የሚተከል። በአገር ቤት ክትክታ የዱር ነው፤ ለዱላ፣ ለጎጆ ማገር፣ ለማገዶና ለጭስ ይቆረጣል እንጂ ገንዘብ ከፍሎ የሚተክለው የለም። እዚህ በጣሳ ተቀምጦ ዋጋ ተለጥፎበታል። ሰውየው እንደሳቀ ይነገራል። ክትክታ ውኃ አያበዛም፣ መቀስ ይችላል፣ ሥሩም ቧንቧ አያሳድድም። ከሞተሩ ጎን ለሚቆመው ዝቅተኛ አጥር እርሱን መረጠ። ለፊት ለፊቱ ግን፣ ለሠርጉ፣ ጀሃነሚያ ያስፈልግ ነበር።

ጀሃነሚያ በአገራችን ቦገንቪላ የሚባለው ሐረግ ነው። ዓረብኛው ስም ከገሃነም የመጣ ነው፤ በካርቱም የቀትር ፀሐይ ቀዩን ጀሃነሚያ ያየ ሰው ስሙ አይገርመውም። የፈረንጁ ስም ደግሞ የመጣው ቡጌንቪል ከተባለው የፈረንሳይ መርከበኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1766 እስከ 1769 ዓለምን በዞረው ጉዞው ላይ አብሮት የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ኮመርሶን ሐረጉን በብራዚል አገኘው። የሊቁ ረዳት በወንድ ልብስ የተሰወረች ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሴት መርከብ ላይ መሳፈር የተከለከለ ስለነበር። ቅጠል የምትለቅመው፣ ሣጥን የምትሸከመው እርሷ ነበረች። ዓለምን እንደ ዞረች የምትታወቀው የመጀመሪያዪቱ ሴትም እርሷ ናት። ሐረጉ የተሰየመው ግን በጉዞው አዛዥ ነው።

ተክሉ ራሱም ይሰውራል። ሰው አበባ ብሎ የሚያደንቀው ቀዩና ወይን ጠጁ ነገር አበባ አይደለም፤ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ በሦስቱ ቅጠሎች መካከል የተቀመጠ፣ ቀጭን ነጭ ነገር ነው፤ ጎንበስ ብሎ ላልፈለገው አይታይም።

ሰውየው ከችግኝ ጣቢያው በበርሜል ያደጉ፣ የሰው ቁመት ያላቸው ስድስት ጀሃነሚያዎች አስመጣ። ከሞተሩ አንድ ክንድ ተኩል ርቆ የብረት መረብ አስተከለ፤ ሐረጎቹን በመረቡ ላይ ጠመጠመ፤ በጎን በኩል መታጠፊያ በር አበጀ። ማጣሪያው ሲታጠብ የሚወጣው ክሎሪን ያለበት ውኃ ሥሮቹ ላይ እንዳይፈስስ ሌላ ቦይ ቆፈረለት። እስከዚህ ድረስ ሥራው ያማረ ነበር። የቀረው የጄኔሬተሩ ነገር ነው።

ጄኔሬተሩ የተቀመጠው በክፍሏና በአዲሱ አረንጓዴ መጋረጃ መካከል ነበር። ቀድሞ ገላጣ ሳለ ጢሱ ወደ ግቢው ይበተን ነበር፤ አሁን ግን በፊት ሐረጉ፣ በኋላ ግንቡ ያዘውና መውጫ ሲያጣ በመስኮቷ መግባት ጀመረ። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የተክል አጥር ከዓይን ይጋርዳል፤ ከጆሮና ከአፍንጫ ግን አይጋርድም። አንድ መደዳ ቅጠል የሞተርን ጩኸት እምብዛም አይቀንስም፤ ሰው ግን ማሽኑን ስላላየው ድምፁ የራቀ ይመስለዋል። ጢሱንማ ጭራሽ አያጠራውም። ከጢሱም የከፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

«ሌሊት መብራት በጠፋ ቁጥር ራሴን እየፈለጠኝ ነው የማድረው» አለችው ሚስቱ። «ልጁም ያስለዋል። ለሐጃ ንገራት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«ምን ብዬ?»

«ጢሱ ገደለን በላት።»

«ብላትስ? ጠበባችሁ እንዴ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ ብትለኝስ?»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ልጁ ሲወለድ ወተትና ብርድ ልብስ የሰጠች፣ በረመዳን የምግቡን ድርሻ የማትረሳ ሴት ናት። ነገር ግን ገፊሮች የሚቀያየሩበት አገር ነበር፤ ወረቀት የሌለው ሰው ቅሬታ ሲያሰማ ቦታው የሚቀየርበት አገር ነበር። ባልየው ይህን ያውቃል። ሁለት ቀን ሲያሰላስል ቆየና በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐጃ ሻይዋን ስትጠጣ ቀረበና በዓረብኛ እንዲህ አላት፦ የጄኔሬተሩ ጢስ ጀሃነሚያውን እያቃጠለው ነው፤ የታችኛው ቅጠል መጥቆር ጀምሯል፤ እንዲህ ከቀጠለ ለሠርጉ አያብብም። ደግሞም ሐረጉ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በክፍሉ በኩል ያለው ጫፍ ጥላ ውስጥ ስለሆነ ባይኖር ይሻላል።

አንዲት ቃል አልዋሸም። የጄኔሬተር ትኩስ ትንፋሽ ቅጠል ያከስላል፤ ጀሃነሚያም በጥላ ውስጥ አያብብም።

በማግሥቱ በያጅ መጣ። የጢስ ማውጫው በብረት ቱቦ ተቀጥሎ ከክፍሏ ጣሪያ በላይ ሁለት ሜትር ወጣ፤ በመስኮቱ ፊት የነበረው ስድስተኛው ሐረግ ተነቅሎ ወደ ዋናው በር ተዛወረ። ሐጃ ዋጋውን ስትከፍል አላማረረችም፤ «ለጀሃነሚያው ሲባል» አለች እንጂ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ክፍሏ ውስጥ መተንፈስ ተቻለ።

ይህን ነገር በጀሪፍ የሰሙ አንዳንዶች ብልሃት ነው ብለው አደነቁለት፤ ሌሎች ደግሞ ውርደት ነው አሉ። ልጁ በአበባ ስም እንዲተነፍስ የለመነ አባት ምን ክብር አለው? ተብሎም ተጠየቀ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በሁለት ቋንቋ መካከል የሚኖር ሰው ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም። አንድ ቃል ወደ ማዶ ሲሻገር እዚያ የሚያውቁትን ልብስ ካልለበሰ አይሰማም። በዚያ ግቢ የሚታወቀው ቋንቋ የሠርግና የአበባ ቋንቋ ነበር፤ ሰውየው የልጁን ሳል ወደዚያ ተረጎመው። የሚያሳዝነው ትርጉም ማስፈለጉ ነው እንጂ መተርጎሙ አይደለም።

አበባው ግን አሁንም ገና ነበር። ጀሃነሚያ ውኃ ሲጠግብ ቅጠል ብቻ ያበዛል፤ የሚያብበው ሲጠማ ነው። ሰውየው ከሠርጉ አምስት ሳምንት አስቀድሞ ውኃ ነሳው። ቅጠሉ ጠወለገ፣ ተጠቀለለ፣ ይረግፍም ጀመር። ሐጃ በየጠዋቱ እየወጣች «ገደልከው!» ትላለች፤ እርሱ «ይቆዩ» ይላል። ሚስቱ ራሷ ተጠራጠረች፤ አንድ ሌሊት በስውር ባልዲ ይዛ ስትወጣ እጇን ይዞ መለሳት። በሠርጉ ሳምንት የብረት መረቡ ጠፋ፤ ሞተሩም ማጣሪያውም ጄኔሬተሩም ጠፉ። ከግንብ እስከ ክፍሏ ጥግ ድረስ እሳት የመሰለ ነገር ቆመ። በማግሥቱም ሥራ አላጣም፤ የረገፈው ቀይ ቅጠል እንደ ወረቀት ቀላል ስለሆነ ገንዳውን ሞልቶ የማጣሪያውን አፍ ዘግቶት አደረ። ጀሃነሚያን ገንዳ ዳር የተከለ ሰው በየጠዋቱ መረብ ይዞ መቆሙ የዕድሜ ልክ ዕዳው ነው።

ከሠርጉ በኋላ ባሉት ዓመታት መጋረጃው ማንም ላላሰበው ሥራ ዋለ። በካርቱም የነበሩ አበሾች «ከሻ» የሚለውን ቃል ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያሻቸውም። ፖሊስ ሰፈር ከብቦ መኖሪያ ፈቃድ የሌለውን እያፈሰ በመኪና የሚጭንበት ቀን ነው። ጀሪፍ ደግሞ አበሻ የበዛበት ሰፈር ስለነበር ከሻው ይደጋገምበታል። እንደዚያ ባለ ቀን ከጎረቤት ግቢ የመጡ ሁለት ሦስት የቤት ሠራተኛ ሴቶች በኤሌክትሪሻኑ በር ገብተው፣ በማጣሪያውና በሐረጉ መካከል ባለው አንድ ክንድ ተኩል ቦታ፣ በሞተሩ ጩኸት ተሸፍነው ይቆሙ ነበር። ለሞተር መተንፈሻ የተተወው ክፍተት ለሰው ሆነ። ሐጃ ይህን ታውቅ እንደሆነ በርግጥ የሚናገር የለም። አንድ ጊዜ ግን ፖሊሶቹ ደጃፍ ላይ ሳሉ ጄኔሬተሩ መብራት ሳይጠፋ እንዲነሳ ማዘዟን የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ትመሰክራለች።

ነዳጁ ከደቡብ ጋር ከሄደ በኋላ ኑሮው ጠበበ። ክሎሪን ተወደደ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ በወረፋ ሆነ። ገንዳው ከዓመት ውስጥ የሚሞላበት ወር እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ የኳስ መጫወቻ ሆነ፤ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ኳስ ሲያባርሩ ከነበሩት ልጆች አንዱ በጢሱ ሲያስለው የነበረው ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተጀመረው ውጊያ መኖሪያ ሰፈሮችን በቀናት ውስጥ ባዶ አደረገ። የቪላው ባለቤቶች ወደ ግብፅ መንገድ ጀመሩ፤ ገፊሩና ቤተሰቡ ደግሞ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ገዳሪፍ፣ ከዚያም በሺዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ጋር በገላባት አድርገው መተማ ገቡ። ሰውየው የተሻገረው ከ17 ዓመት ገደማ በፊት በመጣበት በር ነው፤ የያዘውም ሁለት ሻንጣና የመከርከሚያ መቀሱን ነበር። መቀሱን ለምን እንደያዘ ሚስቱ ስትጠይቀው መልስ አልሰጣትም።

ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሰፈሩ የተመለሰ አንድ ሱዳናዊ ጎረቤት በስልክ ቀርጾ የላከው አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል ጎንደር ድረስ ደረሰ። ባልና ሚስቱ ደጋግመው አዩት። ሞተሩ የለም። የጄኔሬተሩ ቦታ የዘይት እድፍ ብቻ ነው። ጦርነቱ ባለፈበት የካርቱም ቤት ሁሉ እንደሆነው፣ ለመዳቡ ሲባል ሽቦው ከነግድግዳው ተፈልፍሎ ተወስዷል። ክትክታው የክንድ ውፍረት አውጥቶ እንደ ዱር ተበታትኗል። ገንዳው ውስጥ በተጠራቀመው አቧራ ላይ መስኪት በቅሏል። ይህ እሾሃም ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1917 በእንግሊዞች ዘመን ወደ ሱዳን ገብቶ ሰው በሌለበት ሁሉ የሚወርስ ነው። ከአምስቱ ጀሃነሚያዎች ሁለቱ ደርቀዋል፤ ሦስቱ ቆመዋል።

ሁለት ዓመት ውኃ ያጠጣቸው የለም። ስለዚህም በጣም አብበዋል። ቀረጻውን የላከው ጎረቤት ከአበባው በስተቀር ሌላ ነገር የቀረጸ አይመስልም፤ ስልኩን በዝግታ ከግንብ እስከ ግንብ ያዞረዋል። ሚስትየዋ ግን በመጨረሻው ላይ አስቆመችው። በምስሉ ጠርዝ፣ ከጣሪያ በሌለው ክፍል በላይ፣ ማንም ያልፈለገው የብረት ቱቦ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ቆሞ ይታያል።